«ኦርማይ»፣ «አንኮራ» እና «ገና»፤ የኢጣሊያንኛ የጊዜ ተውሳከ ግሦች በእንግሊዝኛ አድርገው ወደ ዐማርኛ ሲሻገሩ

1. የጉዳዩ መነሻ

የኢጣሊያንኛን ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ተርጓሚ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው በትልልቆቹ ቃላት አይደለም። ስሙንም ግሡንም መዝገበ ቃላት ይነግረዋል። የሚያስቸግሩት «ጃ»፣ «ኦርማይ»፣ «አንኮራ»፣ «አፔና» የሚባሉት አጫጭር የጊዜ ተውሳከ ግሦች ናቸው። እነዚህ ቃላት ድርጊቱ መቼ እንደ ተፈጸመ ብቻ አይናገሩም። ተናጋሪው ነገሩን ይጠብቀው እንደ ነበረና እንዳልነበረ፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም ያላለፈበት መስሎ እንደ ታየውም ይጠቁማሉ። ከዚህም የተነሣ አንዱ የኢጣሊያንኛ ቃል በእንግሊዝኛ ሦስትና አራት ፍች ያገኛል። ተርጓሚው ካሉት ፍቾች የማይስማማውን ሲመርጥ ዐረፍተ ነገሩ ሰዋስው ሳይጎድለው ሐሳቡ ይለወጣል።

ጉዳዩ ለኢጣሊያንኛና ለእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች ብቻ የሚተው ቢመስልም እኛንም በቀጥታ ይነካናል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን የጠላት ጦር ሪፖርትና ቴሌግራም የተጻፈው በኢጣሊያንኛ ነው። አንጄሎ ዴል ቦካ ከ1976 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. በአራት ቅጽ ያወጣው ሰፊ ታሪክም ኢጣሊያንኛ ነው። የእኛ ተርጓሚ ግን ብዙውን ጊዜ ወደዚህ ሁሉ የሚደርሰው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። እንግሊዝኛው የመረጠውን ፍች እርሱም ይቀበላል፤ ያልመረጠው ደግሞ ከነጭራሹ እንደ ነበረ አያውቅም።

ለምሳሌ የመንዙን የዘረት ዋሻ ጉዳይ እንውሰድ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር በዚህ ዋሻ የተጠለሉትን አርበኞችና ገበሬዎች በመርዝ ጋዝ ጭምር ፈጅቷል። የታሪክ ተመራማሪው ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የጦሩን መዛግብት መርምሮ ያዘጋጀው መጽሐፍ በ2008 እ.ኤ.አ. በኢጣሊያንኛ ታተመ። አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ-ሩይባል፣ ዮናታን ሣህሌና ሹርሾ አያን ያካሄዱት የአርኪዎሎጂ ጥናት በ2011 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ወጣ። የአገሬው ሰው ትዝታ ደግሞ ዐማርኛ ነው። ሦስቱን ማስረጃዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «የቱ ቀደመ? የቱ ተከተለ? የቱ ገና አልሆነም ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኘው ከእነዚሁ ጥቃቅን ቃላት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተጠቀሱትን ሥራዎች መንቀፍ አይደለም። የምንነቅፈው በሽግግር የመተርጐምን ልማድና መዝገበ ቃላቶቻችን ተውሳከ ግሥን የሚይዙበትን መንገድ ነው። ከዚህ በታች የምንሰጣቸውን የኢጣሊያንኛ ዐረፍተ ነገሮች የጦር ሪፖርት አነጋገርን ተከትለን ለማስረጃነት ያዘጋጀናቸው እኛው ነን፤ ከማንም ሰነድ የተቀዱ አይደሉም።

2. «አንኮራ» እና «ገና»

«ኮምባቶኖ አንኮራ» የሚል ቃል በአንድ ሪፖርት ውስጥ ቢገኝ ሁለት ፍች ይቀበላል። አንደኛው «አሁንም ይዋጋሉ»፣ ሁለተኛው «እንደገና ይዋጋሉ» ነው። እንግሊዝኛ ለመጀመሪያው «ስቲል»፣ ለሁለተኛው «አጌይን» ስላለው ተርጓሚው ከሁለት አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው። በመጀመሪያው ፍች ሰዎቹ ከቶ ጦርነቱን አላቆሙም። በሁለተኛው ግን ቀደም ብለው አቁመው፣ ምናልባትም ገብተው፣ በኋላ ተመልሰው የሸፈቱ ይሆናሉ። ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ሰው ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ የአባቱ ስም በየትኛው ወገን እንደሚጻፍ የሚወስን ነገር ነው። የሚፈታውም በዙሪያው ባለው ጽሑፍ እንጂ በመዝገበ ቃላት አይደለም።

ያው ቃል ከአሉታ ጋር ሲመጣ ሌላ መልክ ይይዛል። «ኖን ሶኖ አንኮራ ኡሺቲ» ማለት «ገና አልወጡም» ማለት ነው። ከቍጥር ጋር ሲመጣ ደግሞ «አንኮራ ቬንቲ ኡኦሚኒ» እንደ አገባቡ «ሌላ ሃያ ሰው» ወይም «ገና ሃያ ሰው ቀርቷል» ይሆናል። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁሉ የተለያዩ ቃላት ያቀርባል።

የዐማርኛው «ገና» ግን እንግሊዝኛ በተከፋፈለበት ቦታ አይከፋፈልም። «ገና አልመጣም» ስንል ይመጣል ብለን እየጠበቅን ነው። «ገና ልጅ ነው» ስንል ዕድሜው አልደረሰም ማለታችን ነው። «ገና አሁን መጣ» ስንል መምጣቱ ጥቂት ጊዜ እንኳ አልሞላውም። «ገና ሲያዩት ሮጡ» ስንል ማየቱና መሮጡ አንድ ላይ ሆኑ። «ገና ይመጣል» ስንል ደግሞ ነገሩ ከፊታችን ነው። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የ«አንኮራ» ድርሻ ናቸው። ሦስተኛውና አራተኛው የ«አፔና» ናቸው። እንግዲህ «ገና» ከኢጣሊያንኛ የሁለት ቃላትን፣ ከእንግሊዝኛ የአራትና የአምስት ቃላትን ሥራ ይሠራል።

በሽግግር የሚተረጕም ሰው ይህን አያስተውልም። እንግሊዝኛው «ስቲል» ባለበት ቦታ ሁሉ «አሁንም» ይላል። «አሁንም ልጅ ነው» ዐማርኛ ነው፤ ነገር ግን ወቀሳ አለበት፤ ማደግ ሲገባው አላደገም ማለት ነው። «ገና ልጅ ነው» ግን ይቅርታ የሚጠይቅለት አነጋገር ነው። በዋሻ ውስጥ ስለ ተገኘ ብላቴና የሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገር ከሁለቱ በአንደኛው ሲተረጐም አንባቢው በብላቴናው ላይ የሚሰጠው ፍርድ ይለያያል።

3. «ኦርማይ»

«ኦርማይ» ከሁሉም ይልቅ አስቸጋሪው ነው። እንግሊዝኛ አንድ ቃል ስለሌለው «ናው»፣ «ባይ ናው»፣ በአሉታ ጊዜም «ኤኒ ሞር» እያለ ይሞክረዋል። የቃሉ ልብ ግን «አሁን» አይደለም። ነገሩ ወደማይመለስበት ደረጃ ደርሷል፤ የሚጠበቀው ሁሉ ተፈጽሟል፤ ሌላ ተስፋ የለም የሚል ውሳኔ በውስጡ አለ።

«ሶኖ ኦርማይ አቼርኪያቲ» የሚለውን በእንግሊዝኛ «ናው» በኩል ያገኘ ተርጓሚ «አሁን ተከበዋል» ብሎ ይጽፋል። አንባቢውም ከበባው በዚያች ሰዓት የተፈጸመ ይመስለዋል። ኢጣሊያንኛው ግን ስለ ሰዓቱ አልተናገረም። ዐማርኛ ለዚህ የራሱ መሣሪያ አለው፤ ይኸውም «እንግዲህ»፣ «ከእንግዲህ» እና «በቃ» ነው። በአዎንታ «እንግዲህ ተከበዋል» ወይም «በቃ፣ ተከበዋል» እንላለን፤ በአሉታ «ከእንግዲህ መውጫ የላቸውም» እንላለን። «ከእንግዲህ» ለአሉታና ለሚመጣ ጊዜ፣ «እንግዲህ» ለተፈጸመ ነገር የሚስማማ መሆኑን ተርጓሚው ልብ ይበል። ኢጣሊያንኛው በአንድ «ኦርማይ» የሚሸፍነውን ዐማርኛ በሁለት ይከፍለዋል። ቢሆንም የውሳኔው ቃና አይጠፋም፤ «አሁን» የሚለው ቃል ግን ያጠፋዋል።

የዚህ ቃና መጥፋት ለታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ጉድለት ነው። አንድ የጦር አዛዥ «የሽፍቶቹ ነገር ኦርማይ አልቋል» ብሎ ለአለቃው ሲጽፍ የሚነግረን ስለ ሽፍቶቹ ብቻ አይደለም፤ ስለ ራሱ ምኞትና አለቃው ምን እንዲያምን እንደሚፈልግም ይነግረናል። በ«አሁን አልቋል» ከተረጐምነው የአዛዡ አስተያየት የተረጋገጠ ዜና ይሆናል። «እንግዲህ አልቋል» ስንለው ግን ተናጋሪው ከነፍርዱ ይታያል። ራስ አበበ አረጋይ የመሩት የሸዋ አርበኞች ተጋድሎ እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ የቀጠለ መሆኑ ስለሚታወቅ፣ አንባቢው የዚህን ዓይነቱን «ኦርማይ» ከታሪኩ ጋር አስተያይቶ ሊመዝነው ይችላል። ሊመዝነው የሚችለው ግን ቃሉ ከደረሰው ነው።

4. «ጃ» እና «ቀድሞውኑ» የሚባለው ልማድ

«ጃ» ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ «ኦልሬዲ» ይሆናል። ከ«ኦልሬዲ» ወደ ዐማርኛ ሲመጣ ደግሞ «ቀድሞውኑ» ሆኖ ይገኛል። ዛሬ በትርጉም ጽሑፍ ውስጥ «እንግዶቹ ቀድሞውኑ ደርሰዋል» የሚል አነጋገር የተለመደ ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር ለመመርመር ቀላል መንገድ አለ። የግሼ ከተማ ከሆነችው ከራቤል ገበያ የሚመለስ ገበሬ ስለ በልግ ገብሱ ቢጠየቅ «ገብሱ ቀድሞውኑ ደርሷል» ይላልን? አይልም። «ደርሷል» ይላል፤ ጠያቂው አልደረሰም ብሎ የሚያስብ ከመሰለው «ገብሱማ ደረሰ እኮ» ይላል። የእንግሊዝኛው «ኦልሬዲ» የሚያመለክተው መፈጸም በዐማርኛ «-አል» በሚጨርሰው ግሥ ውስጥ አለ። የመደነቁን ስሜት ደግሞ «እኮ»፣ «እንዴ» እና «-ማ» ይወስዱታል። ኢጣሊያንኛው «ጃ ፓርቲቶ?» ብሎ ሲጠይቅ ዐማርኛው «ሄደ እንዴ?» ይላል።

«ቀድሞውኑ» መጥፎ ቃል ነው ማለታችን አይደለም። «ቀድሞውኑ ነግሬህ ነበር» እና «ቀድሞውንም አልወደውም ነበር» የሚሉት ጥሩ ዐማርኛ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ቃሉ «ከመነሻው፣ ነገሩ ሳይመጣ» የሚል የራሱ ፍች አለው። ለእያንዳንዱ «ኦልሬዲ» ሲመነዘር ግን ይህ ፍች እየደበዘዘ ይሄዳል።

ሌላም አደጋ አለ። «ጃ» ከማዕርግ ስም በፊት ሲመጣ «የቀድሞ» ማለት ይሆናል። «ጃ ካፒታኖ» የቀድሞ ሻምበል ነው። አንድ ሰው በአንድ ስም ዝርዝር ውስጥ «ጃ ካፖ ሪቤሌ» ተብሎ ቢጻፍ «የቀድሞ የአርበኛ አለቃ» ወይም «ያን ጊዜ አለቃ ለመሆን የበቃ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። የመጀመሪያው ሰውየው ትግሉን እንደ ተወ ያሳያል፤ ሁለተኛው በትግሉ ውስጥ ከፍ ማለቱን ያሳያል። እንግሊዝኛው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ከእንግሊዝኛው የሚተረጕም ሰው ግን ምርጫ እንደ ነበረ እንኳ አያውቅም።

5. «አፔና»

«አፔና» በኢጣሊያንኛ ሦስት ሥራ አለው። «ኤራኖ አፔና ኡሺቲ» ማለት «ገና መውጣታቸው ነበር» ነው። «አፔና ኡሺቲ፣ ፉሮኖ ፌርማቲ» ማለት «እንደ ወጡ ተያዙ» ነው። «አፔና ትሬንታ» ማለት ደግሞ «ሠላሳ እንኳ የማይሞሉ» ወይም «ሠላሳ ብቻ» ነው። «አፔና አርማቲ» የሚለው ግን ሁለት መንገድ ይሄዳል፤ «ገና የታጠቁ» ወይም «በቅጡ ያልታጠቁ» ሊሆን ይችላል። ከጭፍጨፋ በኋላ በተጻፈ ሪፖርት ውስጥ የዚህ ልዩነት ክብደት ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ለጦርነት መዘጋጀታቸውን ይናገራል፤ ሁለተኛው መሣሪያ እንዳልነበራቸው ይመሰክራል። ተርጓሚው መለየት ካልቻለ በኅዳግ ማስታወሻ ሁለቱንም ማስቀመጥ ይገባዋል።

6. እንግሊዝኛ መንገድ የሚዘጋባቸው ቦታዎች

እስካሁን ያየነው እንግሊዝኛ አብዝቶ የሚለይባቸውን ቃላት ነው። ከዚህ ቀጥለን የምናየው ኢጣሊያንኛና ዐማርኛ በቀጥታ የሚገናኙበትንና እንግሊዝኛ በመካከል የሚያደናቅፍበትን ነው።

አንደኛ፣ የኢጣሊያ የጦር መግለጫዎች «ኔላ ኖቴ ሱል ዲየቺ» ይላሉ፤ ወደ ዐሥረኛው ቀን የሚያነጋው ሌሊት ማለት ነው። እንግሊዝኛ ይህን ለማለት ሁለት ቀኖችን መጥቀስ አለበት፤ አሳጥሮ «የዐሥረኛው ቀን ሌሊት» ካለ ግን ነገሩ በአንድ ሌሊት ይገፋል። ዐማርኛ «አጥቢያ» የሚባል ቃል ስላለው ምንም አይቸገርም። «ለእሑድ አጥቢያ» እንደምንል «ለዐሥር አጥቢያ» እንላለን። የዘመን አቈጣጠሩን ስንመልስ ለኤፕሪል 10 ቀን 1939 የሚያነጋው ሌሊት «ለሚያዝያ 2 ቀን 1931 ዓ.ም. አጥቢያ» ይሆናል።

ሁለተኛ፣ «ስታኖቴ» ያለፈውንም የሚመጣውንም ሌሊት ይይዛል፤ የሚለየው ግሡ ነው። ዐማርኛም እንዲሁ ነው። «ዛሬ ሌሊት ዘነበ» ያለፈው ነው፤ «ዛሬ ሌሊት ይዘንባል» የሚመጣው ነው። እንግሊዝኛ ግን ገና ቃሉን ሲጠራ «ላስት ናይት» ወይም «ቱናይት» ብሎ መወሰን አለበት። ግሡ በተዘለለበት ቴሌግራም ውስጥ ይህ ውሳኔ ግምት ነው፤ ዐማርኛው ግን አሻሚነቱን እንዳለ ሊያስተላልፈው ይችላል።

ሦስተኛ፣ «ላልትሮ ዬሪ» ከትናንት ወዲያ፣ «ዶፖዶማኒ» ከነገ ወዲያ ነው። የዛሬው እንግሊዝኛ ቀን እየቈጠረ ሐረግ ይሠራል። ዐማርኛ ከዚህም አልፎ ለዓመት «ዘንድሮ»፣ «አምና» እና «ካቻምና» አለው። «ከሁለት ዓመት በፊት» የሚለው ሐረግ በትርጉም ጽሑፍ ውስጥ «ካቻምና»ን እያባረረ ያለው ያለ ምክንያት ነው።

አራተኛ፣ አሉታ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ኢጣሊያንኛ «እስኪወጡ ድረስ» ለማለት «ፊንኬ ኖን» ብሎ አሉታ ይጨምራል። «ኖን»ን ካስወገደ «ፊንኬ ኮምባቶኖ» ማለት «እስከ ተዋጉ ድረስ» ይሆናል። ዐማርኛ ይህንኑ ልዩነት በግሥ መልክ ያሳያል፤ «እስኪዋጉ» እና «እስከ ተዋጉ» የተለያዩ ናቸው። በሌላ በኩል ኢጣሊያንኛ በ«ፕሪማ ኬ» አዎንታ ሲጠቀም ዐማርኛ «ሳይወጡ በፊት» ብሎ አሉታ ያስገባል። አንዱ በ«እስከ»፣ ሌላው በ«በፊት» ላይ አሉታን ያስቀምጣል ማለት ነው፤ እንግሊዝኛ በሁለቱም ላይ አያስቀምጥም። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ የተተረጐመ ዐማርኛ ሁልጊዜ «ከመውጣታቸው በፊት» ይላል፤ ውርጭ ሳይመታው በፊት ገብሱን የሚሰበስበው የመንዝ ገበሬ የሚናገረው «ሳይ-» ግን ከገጹ ይጠፋል።

አምስተኛ፣ ሰዓት ነው። በኢጣሊያንኛ የጦር ሪፖርት «ኦሬ ትሬ» ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ቍጥሩን እንዳለ ወስዶ «በ3 ሰዓት» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ከሌሊት ወደ ማለፊያ ጠዋት ይወስደናል። የሽማግሌዎች ቃል «በ3 ሰዓት» ሲል ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ የሚመለሰው 9 ተብሎ ነው። ሁለቱ ማስረጃዎች ሳይጣሉ የሚጣሉ የሚመስሉት እንዲህ ሲሆን ነው።

እንግሊዝኛ በጊዜ ቃል ላይ የሚያመነታ መሆኑን አንድ ታዋቂ መጽሐፍ ያሳያል። ኤኒዮ ፍላያኖ በኢትዮጵያ ወረራ ላይ የተመሠረተውንና በ1947 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የስትሬጋ ሽልማት ያገኘውን ልብ ወለዱን «ቴምፖ ዲ ኡቺዴሬ» ብሎ ሰይሞታል፤ «የመግደል ጊዜ» እንደ ማለት ነው። የስቱዋርት ሁድ የእንግሊዝኛ ትርጉም ግን መጀመሪያ የወጣው ጊዜን በማይጠቅሱ ርእሶች፣ «ማርያም» እና «አቋራጩ መንገድ» ተብሎ ነው። ጊዜን የሚናገረውና አንባቢውን ወደ መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 3 የሚመልሰው ርእስ የተመለሰው በኋለኛው እትም ነው።

7. መዝገበ ቃላቶቻችን

ኢኛሲዮ ጉይዲ በክፍለ ጊዮርጊስ ረዳትነት አዘጋጅቶ በ1901 እ.ኤ.አ. በሮም ያሳተመው መዝገበ ቃላት፣ ፍራንቸስኮ ጋሊናና ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባበሩበት የ1940 እ.ኤ.አ. ተጨማሪውም፣ የሚሄዱት ከዐማርኛ ወደ ኢጣሊያንኛ ነው። «ኦርማይ»ን ይዞ የሚመጣ ተርጓሚ በዚያ በኩል መግቢያ የለውም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1905 እ.ኤ.አ. በሮም ያወጡት የዐማርኛ ሰዋስውም በኢጣሊያንኛ የተጻፈው ዐማርኛን ለሚማር የውጭ ሰው ነው። ዎልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የእንግሊዝኛና ዐማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ የሚያሳይ በመሆኑ ለተውሳከ ግሥ የተሻለው አርአያ ነው። ይሁን እንጂ መነሻው እንግሊዝኛ ስለ ሆነ ከላይ በ6ኛው ክፍል የጠቀስናቸው መገናኛዎች አይታዩበትም።

ስለዚህ ወደፊት ለሚዘጋጅ የኢጣሊያንኛና ዐማርኛ መዝገበ ቃላት የሚከተለውን እናሳስባለን።

ሀ. የጊዜ ተውሳከ ግሥ በአንድ አቻ ቃል አይፈታ። አዎንታው፣ አሉታውና ጥያቄው ለየብቻ በዐረፍተ ነገር ይታይ።

ለ. አቻው ተውሳከ ግሥ ሳይሆን የግሥ መልክ ወይም ቅጥያ በሚሆንበት ጊዜ («-አል»፣ «ሳይ-»፣ «እስኪ-»፣ «-ማ»፣ «እኮ») ይኸው በግልጽ ይጻፍ፤ ተርጓሚው ቃል ፍለጋ ወደ «ቀድሞውኑ» እንዳይሮጥ።

ሐ. እንደ «አጥቢያ»፣ «ካቻምና» እና «ከትናንት ወዲያ» ያሉት ቃላት ከእንግሊዝኛ ሐረግ ጋር ሳይሆን ከኢጣሊያንኛው ጋር በቀጥታ ይጣመሩ።

መ. የወረራውን ዘመን ሰነድ የሚተረጕም ሰው የኢጣሊያንኛውን ተውሳከ ግሥ በግእዝ ፊደል ጽፎ በኅዳግ ያኑር፤ ሰዓትና ቀን ሲመልስም የመጀመሪያውን ቍጥር አብሮ ያስቀምጥ።

የመጨረሻው ነጥብ ለማተሚያ ቤት ጥቂት ወጪ ነው። ለዘረት ታሪክ ጠያቂ ግን «አሁንም» እና «እንደገና» የሚለያዩበትን ቦታ በዓይኑ የሚያይበት ብቸኛ መንገድ ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የሚነገሩ ሌሎች የጊዜ ቃላትን የሚያውቁ አንባቢዎች ከነአገባባቸው በዐረፍተ ነገር ጽፈው ቢልኩልን ለሚቀጥለው ዝርዝር እንጠቀምባቸዋለን።